ከቲቢ ክፍል ውጭ ያለው ቲቢ

ሆስፒታል ውስጥ ቲቢ የሚፈራው የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሁሉም የሚጠቁማችሁ አንድ በር ነው። «ቲቢ ክፍል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር። አዲስ ነርስ እዚያ ስትመደብ ፊቷ ይለዋወጣል። እናቷ ስልክ ደውላ «እባክሽ ቀይሩኝ በያቸው» ትላታለች። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው እዚያ በር ጋ ሲደርስ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳብ ያደርጋል፤ አለፍ ሲል ይለቀዋል።

ሐረር ውስጥ በሐኪምነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የዛሬው ጽሑፌ ከዚያ በር ውጭ ስላለው ቲቢ ነው። ሐኪሞችን የሚይዘው ቲቢ ባብዛኛው የሚመጣው ገና ማንም ቲቢ ብሎ ካልጠራው ሰው ነው። ስሙ መዝገብ ላይ ከሰፈረው በሽተኛ የሚመጣው ያንሳል። ይህን ነገር አስተዳዳሪዎችም፣ ሐኪሞችም፣ አስታማሚዎችም በደንብ ቢይዙት ብዙ ነገር ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ቲቢ ክፍል የሚገባው በሽተኛ ተመርምሯል። መድኃኒት ጀምሯል። ትክክለኛውን መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል። አብዛኛውም የሚመጣው መድኃኒቱን ሊወስድ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። እዚያ የምትሠራው ሲስተርም ምን እንደምትጠብቅ ታውቃለች። መስኮቷ ክፍት ነው፤ ወንበሯን ነፋሱ ከጀርባዋ እንዲመጣ አድርጋ ነው የምታስቀምጠው።

አሁን ድንገተኛ ክፍልን አስቡት። ከገጠር የመጣ ወጣት ሌሊት ይገባል። ትኩሳት አለው፤ ያስለዋል፤ ከስቷል። ተረኛው ሐኪም ሳንባ ምች ብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ያዝለታል። ጥፋት የለበትም፤ ብዙ ጊዜ እውነትም ሳንባ ምች ነው። ልጁ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ይተኛል። ጠዋት ሐኪሞች ታካሚውን ሁሉ እየዞሩ የሚያዩበት ራውንድ ይመጣል። ሲኒየሩ ሐኪም፣ ስፔሻሊቲ የሚማረው ሬዚደንት፣ ሊመረቁ የደረሱት ኢንተርኖች፣ ተማሪዎቹ አልጋውን ይከባሉ። አንዷ ኢንተርን ጎንበስ ብላ ጀርባውን እያዳመጠች «በረጅሙ ተንፍስ፤ እስቲ አስል» ትለዋለች። እሱም ያስላል።

ሦስት ቀን ያልፋል። ትኩሳቱ አይወርድም። መድኃኒት ይቀየራል። ሌላ ሦስት ቀን። ከዚያ አንድ ሰው «አክታው ተልኳል እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። አልተላከም። ይላካል። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈልገው። ቲቢ ነው ይላል። በዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው ማስክ ይፈልጋል። ልጁ ወደ ጥግ ክፍል ይወሰዳል፤ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ሁላችንም አየሩን ስንስብ የሰነበትነው ግን ያለፈውን ሳምንት ሙሉ ነው።

ይህ የልምድ ወሬ ብቻ አይደለም። ዊልያም ዌልስና ሪቻርድ ራይሊ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ። የቲቢ ሕሙማን ከተኙበት ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወስደው ጊኒ ፒግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ወዳሉበት ክፍል ለቀቁት። እንስሳቱ በሽተኛ አላዩም፤ አልነኩም። የደረሳቸው አየሩ ብቻ ነው። እየተያዙ መጡ። አየሩ በአልትራቫዮሌት ጨረር ውስጥ አልፎ የደረሳቸው ሌሎቹ ግን አልተያዙም። ቲቢ በአየር እንደሚተላለፍ ጥርጥር ያጠፋው ይህ ሥራ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሁለተኛው ግኝታቸው ነው። አብዛኞቹን እንስሳት ያስያዙት በጣት የሚቆጠሩ ሕሙማን ነበሩ። እነሱም በዋናነት የሚወስዱት መድኃኒት የማይሠራላቸው ናቸው። በሚሠራ መድኃኒት ላይ ያሉት ብዙም አላስተላለፉም። ከብዙ ዓመታት በኋላ በፔሩና በደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ የታየው ያው ነው። እንግዲህ ሐኪምን የሚያሰጋው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ያልተመረመረው፣ እና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት ሳለ ተራ የቲቢ መድኃኒት እየዋጠ ያለው። ያልተመረመረው ደግሞ ከቲቢ ክፍል ይልቅ ተመላላሽ ክፍልና ዋርድ (ታካሚ የሚተኛበት ክፍል) ውስጥ ነው።

ከሚያስል ሰው አፍ የሚወጣው ጠብታ ደርቆ ሲያንስ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይሆናል። መሬት አይወርድም። ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል። ቡና ተጠጥቶ፣ ረከቦቱ ተነሥቶ፣ እንግዳው ሁሉ ሄዶ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶት እንደሚቆየው ማለት ነው። ልዩነቱ ይኼኛው አይሸትም። ታማሚው ወደ ኤክስሬይ ሲወሰድ አንሶላ ልትቀይር የገባችው ሠራተኛ የእሱን ትንፋሽ ነው የምትስበው። ስለ ሐኪም እጽፋለሁ አልኩ እንጂ፣ ጽዳቷም፣ ካርድ ክፍሉም፣ ጥበቃውም፣ መሬት ላይ የሚተኛው አስታማሚም እኩል ይተነፍሳሉ። እንዲያውም ጽዳቷ ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰዓት ዋርድ ውስጥ ናት።

ሐረር ላይ ትልቁ ችግራችን የተዘጋ መስኮት ነው። ድሬዳዋ የሚሠሩ ጓደኞቼ በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ እዚያ ሙቀቱ ራሱ መስኮት ያስከፍታል። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የብርድ ነገር በእኛ አገር እንዴት እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ከኋላ ሁሉም «ዝጋው!» ይለዋል። በርጫ ላይም በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። ሆስፒታል የሚገባው ይኸው ሕዝብ ነው።

አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የወንዶች ዋርድ ገባሁ። አስታማሚዎቹ በየአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አንዱ መስታወት ስለተሰበረ ቀዳዳው በፌስታልና በአሮጌ ጨርቅ ተወትፏል። የአልኮል፣ የላብና የወጥ ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሏል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ሳሉ አላስተኛ ብሎታል። እናቱ ጋቢያቸውን ደርበውበት ጀርባውን ያሻሉ።

«እማማ፣ መስኮቱን ትንሽ ልክፈተው?» አልኳቸው።

«ውይ ልጄ! ብርድ ያገኘዋል እኮ። ሳሉ የመጣበትም በብርድ ነው።»

«ከብርዱ ይልቅ የታፈነው አየር ነው የሚጎዳው። እርስዎንም ይጎዳዎታል።»

«እኔማ ምን እሆናለሁ፣ አርጅቻለሁ። እሱን ብቻ አድኑልኝ።»

እሳቸውን በክርክር ማሸነፍ አልፈለግሁም። ልጁ በእውነት ይበርደው ነበር። ከነርሷ ጋር ተጨማሪ ብርድ ልብስ ፈልገን ደረብንለት። አልጋውን ነፋሱ በቀጥታ ከማያገኘው ቦታ አዞርነው። ከዚያ የላይኛውን መስኮት ከፈትን፤ እማማም ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ የምለው ይህን ነው፦ «መስኮት ክፈቱ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ በፊት ብርድ ልብስ ይገዛ። የሚበርደው ሰው መስኮት አይከፍትም፤ ልንፈርድበትም አይገባም።

መስኮት ተራ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ነው፤ የተሠራው የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ውስጥ ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ነው። የክፍሎቹ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ለኩ። በርና መስኮት ሲከፈት በአማካይ 28 ጊዜ ይለወጣል። በማሽን አየር በሚገባላቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ነው። ከ1950 በፊት የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት የድሮ ክፍሎች 40 ጊዜ። አዳዲሶቹ 17። ተመራማሪዎቹ ካልታከመ ሕመምተኛ ጋር አንድ ቀን ያሳለፈ ሰው የመያዝ ዕድሉ በድሮው ክፍል 11 በመቶ፣ በማሽን በሚነፍሰው ደግሞ 39 በመቶ ይሆናል ብለው አስልተዋል።

በእኛም አገር የጥንት ሕንፃ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱም ትልቅ ነው። አዲስ ብሎክ ሲሠራ ግን ጣሪያው ዝቅ ይላል። መስኮቱ አሉሚኒየም ሆኖ ግማሹ የማይከፈት ይሆናል። ሕንፃው ከውጭ ሲታይ ያምራል፤ ይመረቃል፤ ሪባን ይቆረጣል። ፕላኑ ሲጸድቅ ዋርድ ውስጥ የሚያድር አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ ቢጠየቁ ምን ነበረበት? ገንዘቡ እንደሆነ ያው ነው። የሚከፈት መስኮት ከማይከፈተው ይህን ያህል አይወደድም።

ማስክስ? ማስክ ጥሩ ነው። ግን በቅደም ተከተል ሦስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሚያስለውን ቶሎ መለየትና መመርመር፣ ቀጥሎ አየሩን ማስተካከል፣ ከዚያ የሠራተኛው ማስክ። በተግባር ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስለ ቲቢ መከላከል ስብሰባ ሲጠራ የሚነሣው ማስክ ብቻ ነው። ማስክ ተገዝቶ ሲመጣ ሥራው ያለቀ ይመስላል።

ደግሞ የትኛው ማስክ? ሰማያዊው ተራ ማስክ ለሚያደርገው ሐኪም ብዙም አይከላከልም፤ በጎን በኩል አየር ያስገባል። ጥቅሙ የሚያስለው ሰው ሲያደርገው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሕሙማን ይህን ማስክ ሲያደርጉ፣ አየራቸውን ወደሚስቡት ጊኒ ፒጎች የሚተላለፈው በ56 በመቶ ቀንሷል። ሐኪሙን የሚጠብቀው ኤን 95 የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ማስክ ነው። እሱም ፊት ላይ ገጥሞ ሲቀመጥ ነው፤ ጺም ካለ አይገጥምም። የእኔ ኤን 95 ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል። ላስቲኩ ላልቷል። አፍንጫ ላይ የሚታጠፈው ሽቦ ከመታጠፍ ብዛት ቅርጹን አጥቷል። አዲስ የምወስደው እኔ ሲያስፈልገኝ አይደለም፤ እስቶር ውስጥ ሲኖር ነው።

መጋቢት 2012 ኮቪድ አገራችን የገባ ጊዜ ሁሉም ነገር ተችሎ ነበር። ወንበሮች ከኮሪደር ወጥተው ዛፍ ሥር ተደረደሩ። በር ላይ የሚቆመው ባለሙያ የሚመጣውን ሁሉ በየቋንቋው «ሳል አለህ? ቁፋ ቀብዳ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። የሚያስለው ተለይቶ ቀድሞ ይታያል። መስኮት ተከፈተ፤ ማንም አልተቆጣም። ኮቪድ ሲቀዘቅዝ ወንበሮቹ ተመልሰው ኮሪደር ገቡ። የበሩ ጥያቄም ቀረ። ቲቢ ግን የትም አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 1.25 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። እነዚያ ወንበሮች ለምን ተመለሱ? ይህን ሳስብ እናደዳለሁ። ምን ማድረግ እንዳለብን አውቀን፣ አድርገን፣ መቻላችንንም አይተን ነው የተውነው።

አሁን ስለ ጓደኛዬ። ራሱ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ እንዳልጠቅስ ተስማምተናል።

ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነው። ሳል ጀመረው። ጉንፋን ነው አለ። ሳሉ ቀጠለ። አቧራው ነው አለ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ዋጠ። ሌሊት ሌሊት ያልበው ጀመር፤ የተከራየሁት ቤት ይታፈናል አለ። ሱሪው ሰፋው፤ ዲዩቲ በዝቶብኝ ምግብ ስላልበላሁ ነው አለ። ቀኑን ሙሉ ታካሚውን «ሳሉ ከጀመረህ ሁለት ሳምንት አልፎሃል?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ነው። በራሱ ላይ ግን ሳምንቱን የሚቆጥርለት አላገኘም። እኛም አብረነው እየበላን፣ አብረነው እያደርን «ከሳህ እኮ፣ ሥራ ቀንስ» ከማለት አላለፍንም። አንድ ለሊት አክታው ውስጥ ደም አየ።

ኤክስሬይ የተነሣው ማታ ነው፣ ሰው ሲቀንስ። አብረን አየነው። ቀኝ ሳንባው ላይኛው ክፍል ላይ ቲቢ የቦረቦረው ቀዳዳ በግልጽ ይታያል። ሁለታችንም ሐኪም ነን፤ ማንም ማብራራት አላስፈለገውም። መጀመሪያ ከአፉ የወጣው ቃል «እዚህ አልወስድም፤ ሰው ያየኛል» የሚል ነው።

መድኃኒቱን ድሬዳዋ ሄዶ ለመውሰድ ወሰነ። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ደንገጎን ወርዶ፣ ማንም በማያውቀው ጤና ተቋም ተመዝግቦ፣ መድኃኒቱን በቦርሳ ይዞ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ቀሪው አራት ወር ሁለት ዓይነት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል። ለታካሚዎቻችን «አትደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ነው» እንላለን። እሱም ስንት ጊዜ ብሏል። የሚኖርበት ግቢ ግን መጸዳጃው የጋራ ነው። አከራዩ እንዳያዩ ብሎ ሁልጊዜ ሁለት ጆግ ውሃ ይዞ ይገባ ነበር።

እስኪሻለው ከሥራ የቀረውም በዓመት ፈቃዱ ነው። የሕመም ፈቃድ ቢጠይቅ በሽታው መጻፍ አለበት። ሥራው ያመጣበትን በሽታ ለማረፊያ በተሰጠው ቀን ታከመ። ለእጮኛው የነገራት ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ልትሰማ የሚገባት እሷ እንደነበረች ያውቃል። ተመረመረች፤ ደግነቱ ነፃ ናት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ለሕዝብ የምናስተምረው እኛ ነን። ታዲያ ሐኪም ለምን ይደብቃል? ጓደኛዬን ጠይቄዋለሁ። ታካሚ ይሸሸኛል ብሎ ፈርቷል። የሥራ ባልደረባ ሻይ ኩባያውን ይለይብኛል ብሎ ፈርቷል፤ ቲቢ በኩባያ እንደማይተላለፍ እያወቀ። ኤችአይቪ አለበት ብለው ያሙኛል ብሎም ፈርቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ሐኪም አይታመምም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ውስጥ ነው ያደግነው። ኢንተርን ሆነህ በትኩሳት ዲዩቲ ብትገባ «ጀግና» ትባላለህ። እያሳልክ ራውንድ ብትቆም ማንም ወደ ቤትህ ሂድ አይልህም።

ከሐረር ወደ ባቢሌ በኩል ወረድ ሲሉ ቢሲዲሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ቦታ ነው። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቲቢ ዘመድ ነው። ፍርሃታቸውም ዘመድ ነው። ሰው ከቤቱ፣ ከዘመዱ፣ ከሰርግና ከለቅሶ ተለይቶ የኖረበት ታሪክ በዚህ አካባቢ ብዙም አልራቀም። ጓደኛዬ በጆግ ውሃ ሲደብቀው የነበረው ይህንን ነው።

እና ሥራው ነው ያመጣበት ስል የሚከራከሩኝ አሉ። «እኛ አገር ቲቢ ያልነካው ማን አለ? ከታክሲ ይያዘው ከሰፈር በምን ታውቃለህ?» ይላሉ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜው የሚታመመው ከ5 እስከ 10 በመቶው ነው። ነገር ግን አደጋው ዕድሜ ልክ እኩል አይደለም። ከሁሉ የሚበዛው ከተያዙ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ነው። ድሮ የተያዘ ሰውም እንደ አዲስ ሊያዝ ይችላል። በልጅነታችን ክንዳችን ላይ የተወጋነው የቢሲጂ ክትባትም ሕፃናትን ከከባዱ ቲቢ ይጠብቃል እንጂ፣ ለአዋቂ ሳንባ የሚታመን ጋሻ አይደለም።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ስቴቶስኮፕን እ.ኤ.አ. በ1816 የፈጠረው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ፣ የስንቱን ደረት ሲያዳምጥ ኖሮ በ1826 በ45 ዓመቱ በቲቢ ሞተ። ሮበርት ኮክ በ1882 ባክቴሪያውን ካሳወቀ በኋላ እንኳን፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ከሌላው ሰው ይበልጥ አይያዝም የሚሉ ሐኪሞች ለአሥርተ ዓመታት ነበሩ። ነገሩን የለወጠው ዮሐንስ ሃይምቤክ የሚባል ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ከ1924 ጀምሮ ኦስሎ ውስጥ ለነርስ ተማሪዎች በቲቢ መያዝን የሚያሳይ የቆዳ ምርመራ ማድረግ ጀመረ። ትምህርት ሲጀምሩ ግማሽ ያህሎቹ በቲቢ አልተያዙም ነበር። ሲመረቁ ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ተይዘዋል። ከታክሲ ያዛቸው የሚል የለም። በእኛ ዘመንም ብዙ ጥናቶች ተደምረው የሚያሳዩት የጤና ሠራተኛ በቲቢ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ይቀበላል። ነገር ግን በአካባቢው የሚዛመቱ ተላላፊ በሽታዎችን አይጨምርም ይላል፤ ሥራቸው እነዚያኑ በሽታዎች መዋጋት ብቻ የሆነውን ሠራተኞች ሲቀር። የመንግሥት ሠራተኞች የምንተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው። በግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያሉትን ግን የሚመለከታቸው ይህ ነው። አሁን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ቲቢ ክፍል የምትሠራው ሲስተር በዚህ አነጋገር ትካተታለች። ያልታወቀውን ሳል ሌት ተቀን የሚቀበለው የድንገተኛ ክፍል ሐኪምስ? ሥራው ቲቢን መዋጋት «ብቻ» አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠው ሰው ከሕጉ ደጃፍ ላይ ይቀራል። ሕግ አውጪዎች ይህችን አንድ ቃል ደግመው ቢያዩዋት እወዳለሁ።

መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 ደቡብ አፍሪካ ቱጌላ ፌሪ ውስጥ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሰዎች 52ቱ ሞቱ። የጤና ሠራተኞችም ነበሩበት። እዚያው አገር ዳሊን ቮን ዴልፍት የምትባል ወጣት ሐኪም ሥራ ላይ እያለች መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያዛት። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው መርፌ ጆሮ ያደነቁር ነበር። የማይሰማ ሐኪም ደረት እንዴት ያዳምጣል? ቤዳኩዊሊን የሚባለውን አዲስ መድኃኒት በልዩ ፈቃድ አግኝታ ዳነች። ከዚያ አልተደበቀችም፤ ከጓደኞቿ ጋር ቲቢ ፕሩፍ የሚባል ማኅበር አቋቁማ ስለ ጤና ሠራተኞች ቲቢ በአደባባይ መናገር ጀመረች። ዛሬ ሕክምናው በጣም ተሻሽሏል። መርፌው ቀርቶ ለብዙዎቹ ስድስት ወር የሚዋጥ ሆኗል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ወጥታለች። ይህ የብዙ ሰው ልፋት ነው። ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ግን ገና አልወጣንም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከባድ ነገር የለም። የሚያስል ሰው በር ላይ ይጠየቅ፤ ማስክ ይሰጠው፤ ውጭ ይቀመጥ፤ ከተራው ቀድሞ ይታይ። ሳንባ ምች ተብሎ ለሚተኛ ሁሉ አክታ በመጀመሪያው ቀን ይላክ፤ «ካልተሻለው» ተብሎ አይጠበቅ። ለእኔ ከሁሉ የምትበልጠው ይህች ናት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስኳር ያለበት ወይም ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሠራተኛ ይበልጥ ተጋላጭ ስለሆነ፣ ምክንያቱን ለሰው ሁሉ ሳይናገር የሥራ ቦታ መቀየር ይቻለው። ሠራተኛው በየዓመቱ ይመርመር። የታመመውም ይቆጠር። ጓደኛዬ ድሬዳዋ ስለታከመ እሱ የሚሠራበት ቦታ የታመመ ሐኪም የለም ብሎ ነው ሪፖርት የሚያደርገው። ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ሳለ ማን በጀት ይመድባል?

ጓደኛዬ መድኃኒቱን ጨርሷል። አክታው ነፃ ነው፤ ኪሎውም ተመልሷል። ይህን ጽሑፍ ሳሳየው አንድ ነገር እንድጨምር ጠየቀኝ። ብዙ ሐኪሞች የሚደብቁት ግማሽ ዓመት ሙሉ ከሥራ የሚታገዱ እየመሰላቸው ነው። እሱ ከሥራ የራቀው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሲሠራለት፣ አክታው ሲጠራ፣ ሐኪሙ «ተመለስ» አለው፤ ተመልሶም ሙሉ ተረኛ ሆኖ ሠርቷል። ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ደም እስኪያይ አይጠብቅም ነበር።

ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ እያሳላችሁ ያላችሁ ኢንተርኖች፣ ነርሶች፣ ሬዚደንቶች፣ ነገ ጠዋት ሥራ ከመግባታችሁ በፊት አክታ ስጡ። ውጤቱ በዚያው ቀን ይደርሳል። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ጻፉልኝ። ሐረር ካላችሁ አብሬያችሁ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ።